አንድ ካርድ በሁለት እጅ

የዚያን ዕለት በቦታው የነበርነውን አንድ በአንድ እጽፋለሁ፤ ኋላ በወጣው ሪፖርት ላይ የግማሾቻችን ስም የለምና። እኔ ታየች፣ በካርድ ክፍሉ መስኮት። ሲስተር ሙሉ፣ ከእኔ በአንድ ስስ ግድግዳ በሚለየው የድንገተኛ ክፍል። ታካሚዋ የሺ፣ ከስማዳ የመጣች፣ አልጋ ላይ። ወንድሟ ጌትነት፣ መስኮቴ ፊት ቆሞ። ጥበቃው ጋሼ አለልኝ፣ በር ላይ። ኃላፊያችን አቶ ደሳለው፣ ቢሮው ውስጥ። ምጥ ይዟት በቃሬዛ የገባች አንዲት ሴትና ተሸካሚዎቿ፤ ስማቸውን አላውቅም። ሁለቱን ኮምፒዩተሮችም ልቁጠራቸው። ከሁላችንም ይልቅ የታመኑት እነሱ ነበሩ።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። የጡረታ ደብዳቤዬ «ላበረከቱት የረጅም ዘመን አገልግሎት እናመሰግናለን» ይላል። ከእሱ ጥቂት ቀደም ብሎ ፋይሌ ውስጥ የገባው ሌላ ደብዳቤ ደግሞ «በካርድ ክፍል ሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ይላል። ሁለቱም ላይ ያረፈው ማኅተም አንድ ነው።

የጥንቃቄ ጉድለት! እኔ ልጆቼ ወንዝ ሲሻገሩ ከወዲህ ማዶ ቆሜ ስማቸውን እየጠራሁ የምቆጥር ሴት ነኝ። አራቱንም ቆጥሬ ከጨረስኩ በኋላ እንደገና የምጀምር። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ከደብዳቤ ጋር የምከራከርበት ቋንቋ የለኝም። የሠራሁትንና ያየሁትን ግን መጻፍ እችላለሁ። ፊደሉን ታናሽ ልጄ አርማልኛለች፤ ቃሉን እንዳትነካው ከልክያታለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጽፍም። ጋይንት ውስጥ ነው፣ ይበቃል፤ ሠራተኞቹ ዛሬም እንጀራቸውን የሚበሉበት ቦታ ነው።

ሥራ የጀመርኩት ታች ጋይንት ነው፣ በጽዳት። ዓርብ ዓርብ ገበያተኛው ታማሚውን በአህያም በትከሻም ይዞ ስለሚመጣ ወለሉ ከጭቃ አይጠራም ነበር። ሁለተኛ ልጄን አዝዬ ስወለውል እውላለሁ። ኋላ ባለቤቴ ወደ ላይ ጋይንት ሲዛወር ተከተልኩት፤ እዚያም የያዝኩት ያንኑ መጥረጊያ ነው። የኔታ ፈንታን ያገኘኋቸው እዚያ ነው።

የኔታ ፈንታ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተው ኋላ ወደ መንግሥት ሥራ ገቡ፤ «የኔታ» የሚለው መጠሪያ ግን አልለቀቃቸውም። ሐኪሙም ሾፌሩም የኔታ ነበር የሚሏቸው። አንድ ቀን ከመደርደሪያ ሥር የወደቀ ካርድ አገኘሁና እጄን በቀሚሴ ጠርጌ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ካርዱን ትተው እጄን አዩ።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አሉኝ።

«ትንሽ።»

«ትንሽ ይበቃል። መጠራጠርስ ትችያለሽ?»

«ምኑን፣ የኔታ?»

«ሁሉን። ቤትሽን ዘግተሽ ከወጣሽ በኋላ ‹ዘግቼው ይሆን?› ብለሽ ትመለሻለሽ?»

«ሦስት ጊዜ።»

ሳቁ። «በይ መጥረጊያውን አስረክቢ፤ አንቺን ነው የምፈልገው» አሉኝ። በጭንቀቴ የተመሰገንኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ካርድ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ይታጠባሉ። ገጽ ለመግለጥ ጣቱን በምራቅ የሚያረጥብ ሰው በእሳቸው ፊት አይቆምም። ካርድ ተፈልጎ ሲታጣ «ጠፋ» ያለ ሰው ደግሞ ይቆጡታል። «ካርድ እግር የለውም፤ የሆነ ቦታ አለ። ያለበትን የማናውቀው እኛ ነን። ጠፋ ካልሽ መፈለግ ትተዪያለሽ» ይሉ ነበር።

ሥራው ሁሉ የቆመው ግን በምትክ ነው። ምትክ የምንለው ከቀርከሃ የተሰነጠቀ፣ ስንዝር የሚያህል ጠፍጣፋ እንጨት ነው። የኔታ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት መጽሐፍ ሲወጣ በቦታው ምልክት ሲተው አይተው ኖሮ፣ ያንን አስታውሰው በገዛ ቢላቸው ጠረቧቸው። የየክፍሉ ቀለም ለየብቻ ነው፦ ድንገተኛ ሰማያዊ፣ እናቶች ክፍል ቀይ፣ መድኃኒት ቤት ቢጫ። ካርድ ስታወጪ በካርዱ ቦታ የወሰደውን ክፍል ምትክ ትሰኪያለሽ። ሌላው ያንኑ ካርድ ፈልጎ ሲመጣ እጅሽ እንጨት ያገኛል፤ ቀለሙን አይተሽ «ድንገተኛ ይዞታል፣ ጠብቅ» ትያለሽ። ካርዱ ሲመለስ እንጨቱ ይወጣል።

ለማንበብ ብቻ የመጣን ሰው አያስጠብቁም ነበር። ካርዱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሦስት ሰው ቢያነበው ግድ የላቸውም። ከሦስቱ አንዱ እስክሪብቶ ሲያነሳ ግን «ሌላው እጁን ይሰብስብ» ይላሉ።

ይህ ሕግ ራሱ ጉድ የሠራን አንድ የክትባት ቀን ነበር። ለክትባት የእናትም የልጅም ካርድ ባንድነት ያስፈልጋል። እኔ የእናቲቱን አውጥቼ የልጁን እፈልጋለሁ። በወዲያኛው ክፍል ያለችው ባልደረባዬ የልጁን ይዛ የእናቲቱን ትፈልጋለች። እኔም ምትክ አገኘሁ፣ እሷም ምትክ አገኘች፤ ሁለታችንም ሕጉን አክብረን ጠበቅን። እኔ እስክትመልስ፣ እሷ እስክመልስ። እናትየዋ ሕፃኗን እያባበለች ከአንዳችን ወደ ሌላችን ስትመላለስ ቆይታ፣ «ኧረ ልጄ እስኪያገባ ነው የምትጠብቁት?» ብላ ጮኸች። የኔታ ወጥተው አዩን፤ እኛን አልተቆጡም፣ ራሳቸውን እንጂ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ካርድ የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ የእናትን እንዲያወጣ ደነገጉ። የእናትን ያላገኘ የልጅን አይነካም። ሁለት ሰው እንዲያ ተፋጦ የቆመበት ቀን ከዚያ በኋላ አላየሁም።

ለትንንሽ እርማት ደግሞ ሣጥን ነበራቸው። አድራሻ፣ ስልክ፣ የስም ፊደል የመሰለውን ማንም በካርዱ ላይ አይጽፍም። በብጣሽ ወረቀት ጽፈሽ ሣጥኑ ውስጥ ትከቻለሽ፤ እሳቸው እንደ አመጣጡ እያወጡ፣ ካርዱ ቦታው ሲመለስ ራሳቸው ያርሙታል። አንድ እጅ ብቻ። ቀትር ላይ ምትኮቹን እየቆጠሩ በየክፍሉ ይዞራሉ፤ ካርድ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎ ምሳ የሄደ ሰው ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ የኔታን ተቀምጠው ያገኛቸዋል።

ጡረታ ሲወጡ ምትኮቹንም ሣጥኑንም ለእኔ አስረከቡኝ። ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። ኃላፊዎች መጡ፣ ኃላፊዎች ሄዱ። አንዱ ግድግዳውን ነጭ ቀባ፣ አንዱ ጽጌረዳ ተከለ። ምትኮቹን የነካቸው አልነበረም፣ አቶ ደሳለው እስኪመጡ ድረስ።

በአቶ ደሳለው ጊዜ ኮምፒዩተር ገባ። አልጠላሁትም፤ ይህን ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ይስማኝ። አቧራው ሳንባዬን ጨርሶት ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነው ስልጠና የገባሁት። በሦስተኛው ቀን እጄን አውጥቼ ጠየቅኩ።

«ሁለት ሰው አንድ ካርድ ባንዴ ቢከፍት ምን ይሆናል?»

አሠልጣኙ ሳቀ። «እማማ፣ ጥቅሙ ይኸው አይደል እንዴ? ሃያ ሰው ባንዴ መክፈት ይችላል!»

«ሁለቱም ቢጽፉበትስ?»

«ሁለቱም ይጽፋሉ!»

አዳራሹ አጨበጨበ። አቶ ደሳለውም ከፊት ወንበር ዞር ብለው ተመለከቱኝ፤ ተቀመጥኩ። ያ መቀመጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኮምፒዩተሩ በተመረቀበት ቀን ለእንግዶች ሻይ ሲፈላ ከጓሮ ጭሱ ቀለም ቀለም ሸተተኝ። ሮጬ ስወጣ ሻይ የምታፈላዋ ሴት የየኔታን ምትኮች በጉልቻው ሥር እያስገባች ነው። «ደርቀዋል እትዬ፣ እንዴት አርገው ይነዳሉ መሰለዎት» አለችኝ ደስ ብሏት። ማን እንደሰጣት ጠየቅኩ። አቶ ደሳለው ከኋላዬ ነበሩ።

«እንጨት እኮ ነው፣ ወይዘሮ ታየች። ከኋላቀር አሠራር እንውጣ ስንል ምን ማለታችን መሰለዎት?» አሉ።

አንዱን ሰማያዊ ከእሳቱ ዳር አንስቼ ጋዋኔ ኪስ ከተትኩት። ጫፉ ጠቁሯል።

እንግዲህ ወደዚያ ዕለት ልመለስ።

የሺ ሃያ ዓመት ቢሞላት ነው፣ የታናሽ ልጄ እኩያ። ወንድሟ ከእኛ ከተማ ዳር ይኖር ስለነበር ልትጠይቀው መጥታ ሣር ስታጭድ ማጭድ ቀኝ ተረከዟን ቆረጣት፤ ቁስሉም አመረቀዘ። ሲስተር ሙሉ የፔኒሲሊን መርፌ ወጋቻት። ወዲያው ሰውነቷ ሽፍ አለ፣ ከንፈሯ አበጠ፣ ትንፋሽ አጠራት። በግድግዳው በኩል ሲስተር ስትሮጥ፣ ብረት ሲንኳኳ፣ የሺ አየር ስትፈልግ እሰማለሁ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ቆምኩ። ሲስተር በሌላ መድኃኒት መለሰቻት። እረፋዱ ላይ የሺ ተቀምጣ ውኃ ጠጣች።

«የሺዬ፣ ይህ መርፌ ሁለተኛ እንዳይነካሽ። ሰማሽኝ?» አለቻት ሲስተር።

«እሺ።»

«ስሙን በይው እስቲ፦ ፔኒሲሊን።»

«ፔሊ... ፔሊኒ...» የሺ እንደ መሳቅ አለች። «ኧረ እሱስ አልያዝልሽ አለኝ።»

«ግድ የለም፣ ይዘሽው በምትሄጂው ወረቀት ላይ እጽፍልሻለሁ። የትም ብትሄጂ ለሚያክሙሽ ወረቀቱን አሳዪ። እሱ ይናገርልሻል።»

ሲስተር ይህን ብላ ካርዷን በኮምፒዩተር ለመሙላት ተቀመጠች። በዚያው ሰዓት ጌትነት ወደ መስኮቴ መጣ።

«እናቴ፣ የእቴን አድራሻ ያስተካክሉልኝ። ወገዳ ነው የሚለው። እሷ ግን እግሯ እስኪድን እስቴ አክስታችን ዘንድ ልትቆይ ነው፤ ወረቀቷ ወደዚያ ይጻፍላት።»

ከፈትኩት። «መድኃኒት የማይስማማት» በሚለው መስመር ላይ «የለም» ይላል። ሲስተር ገና እየጻፈች ነበርና። እኔ ያንን መስመር አላየሁትም፣ አይኔ አድራሻው ላይ ነው። በአንድ ጣት ነው የምጽፈው። ጋሼ አለልኝ ከበር ሆነው አላስቀመጡኝም።

«ታየች፣ እየጻፍሽ ነው ወይስ ፊደል እየለቀምሽ?»

«ዝም ይበሉ ጋሼ፣ ያሳስቱኛል።»

«አይዞሽ፣ እስቴ ሦስት ፊደል ብቻ ናት፤ አትጠፋሽም።»

የቀበሌውን ስም ጻፍኩ፣ አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ። በግድግዳው ማዶ ሲስተር «አስቀምጥ» የሚለውን ስትጫንና እንደ ልማዳችን ጮክ ብላ ስታነብ ሰማኋት፦ «‹ተቀምጧል›። ተመስገን።» እኔ አሁንም እያነበብኩ ነው። ሦስተኛ ጊዜ አነበብኩ፤ ያ ጥንቃቄዬ ነው ጉዱን የሠራው። ከዚያ እኔም ተጫንኩ። እኔንም «ተቀምጧል» አለኝ።

ውሸት ነበር። በእኔ ኮምፒዩተር ላይ የነበረው ገጽ ሲስተር ከመጻፏ በፊት የተከፈተው አሮጌው ነው። እኔ ስጫን አድራሻዋን ብቻ አልወሰደም፤ ያን አሮጌ ገጽ ከነ«የለም»ው እንዳለ በሲስተር ጽሑፍ ላይ ደረበው። ሲስተር የጻፈችው ከእኔ ጣት ሥር ጠፋ፣ ማሽኑም አንዳችንን እንኳ አላስጠነቀቀም።

ማተሚያው የነበረው እኔ ዘንድ ነው። ወረቀቱን አወጣሁ። ያን ጊዜ ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ገባች፤ ሲስተር ከቃሬዛው ጎን እየሮጠች ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሳታነበው ፈረመች። ለምን ታንብበው? ተቀምጧል ተብላለች። የሺ ወረቀቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ ከተተችና በወንድሟ ትከሻ ተደግፋ ወጣች። በመስኮቴ ስታልፍ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እናቴ» አለችኝ።

በማግስቱ ጧት ሲስተር ሙሉ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች።

«እትዬ ታየች፣ የሺ ካርድ ላይ ገብተው ነበር?»

«አድራሻ አስተካክያለሁ። ምነው?»

«የጻፍኩት የለም።»

ከዚያ በላይ መናገር አላስፈለጋትም። ሁለታችንም ባንዴ የታየን ወረቀቱ ነው። የጌትነትን ስልክ ደወልን፤ ዝግ ነው። ጋሼ አለልኝ ቤቱ ድረስ ሄዱ፤ ጎህ ሲቀድ ወጥተዋል።

ስብሰባ ተጠራ። አቶ ደሳለው እንዲህ አሉ፦ «ሲስተሙ አይሳሳትም። ወይ ሲስተር አልጻፈችም፣ ወይ ወይዘሮ ታየች አጥፍተዋል።»

«ጽፋለች። ‹ተቀምጧል› ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው አጠፉት ማለት ነዋ።»

«ማሽኑ ለሁለታችንም ተቀምጧል አለን! ሁለታችንም ሠርተን እንዴት የአንዳችን ይጠፋል?»

«የመጨረሻው እጅ የማን ነው?»

 የመጨረሻው እጅ የእኔ ነበር፤ ዛሬም አልክደውም። የሚያንገበግበኝ ሌላም አለ። ግድግዳውን ሁለቴ አንኳኩቼ «ይዘሽዋል?» ማለት እችል ነበር። ስንት ዓመት እንዲያ ስንል ኖረናል! ምትኩ ቢቃጠል አፌ አልተቃጠለም። ኮምፒዩተር አለ ብዬ ሳልጠይቃት ቀረሁ። ጥፋቴ ይህ ነው፣ እቀበለዋለሁ። ደብዳቤው ላይ ግን ይህ አልተጻፈም። ሁለት ሰው ባንድ ካርድ ላይ የሚያጽፍ ዕቃ ሠርተው፣ ምትኮቹን ለሻይ አንድደው፣ ስጠይቅ አስጨብጭበውብኝ፣ ሲበላሽ «የጥንቃቄ ጉድለት» ብለው የጻፉት በእኔ ስም ነው።

ሲስተር ሙሉ አላረፈችም። ደጋግማ ጽፋ ፕሮግራሙን የሠራችውን ልጅ ከባሕር ዳር አስመጣቻት፤ ስሟ ቤዛዊት ነው። ካርድ ክፍል ገብታ ወንበር ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ፕሮግራሙ ብዙ ሥራ ባንዴ የሚሠራው በክር ነው። ለያንዳንዱ መስኮት አንድ ክር አለው። ሁለቱ ክሮች አንድ ካርድ ላይ ተገናኙ፤ አንዱ የሌላውን አላየም» አለችኝ።

«እኔ የማውቀው ክር ሲገናኝ ይቋጠራል፤ ሰው ያየዋል። የናንተው ዝም ብሎ ይበላል።»

ፈገግ አለች። «ለዚህ የታወቁ ንድፎች አሉ። ጭንቁ የቱ እዚህ ይሆናል ብሎ መምረጡ ነው። ቀላሉ ለመዝገቡ በሙሉ አንድ ቁልፍ ማበጀት ነው። አንዱ ሲጽፍ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል።»

«በገበያ ቀን? እኔ እስቴን ስለቅም ምጥ የያዛት ሴት በር ላይ ትጠብቅ?»

«እሺ፣ ለየካርዱ የየራሱ ቁልፍ ይሁን።»

«እናትና ልጅስ?»

«እናትና ልጅ ምን ሆኑ?»

የክትባቱን ቀን ነገርኳት፤ ሁለታችን ሕግ አክብረን ስንፋጠጥ፣ እናትየዋ ስትጮህ፣ የኔታም «የእናት ይቅደም» ሲሉ። መጻፏን አቁማ አየችኝ።

«ይህን ማን ነው ያስተማራችሁ?»

«የኔታ ፈንታ።»

«የት የተማሩ ናቸው?»

«ቅኔ ቤት።»

«እኛ ይህን ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርነው። እኔ ፈተናውን በመከራ ነው ያለፍኩት» አለች።

«ካርዱን ከፍቶ ምሳ የሄደውስ? መብራት የሄደበትስ?» አልኳት። አንዴ ከጀመርኩ ጭንቀቴ አያቆምም።

«ጊዜው ሲያልፍ ቁልፉ በራሱ ይለቀቅ።»

«እየጻፈ ሳለ ቢለቀቅበትስ?»

አሰበች። «እንግዲያው ለካርዱ ቁጥር እንስጠው። በተጻፈበት ቁጥር ይጨምራል። ሰውየው ሲከፍት ያየው ቁጥርና ሲያስቀምጥ ያለው ቁጥር ካልገጠመ አይቀበለውም፤ ‹ሌላ ሰው ጽፎበታል፣ እንደገና ክፈት› ይለዋል።»

«እንዲያ ቢል ኖሮ የሺ ያን ወረቀት ይዛ ባልሄደች ነበር።»

ቀና ሳትል ጻፈችው። ሣጥኑንም ነገርኳት፤ አድራሻና ስልክ እንደ አመጣጡ ተሰልፎ አንድ ክር ብቻ እያወጣ እንዲያርመው አደረገች። ማንበብ ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ መጻፍ ለአንድ እጅ። ሁለት ካርድ ለሚፈልግ የእናት ትቅደም። ሁለት ቀን አብረን ተቀመጥን። በመጨረሻ ንዴቴን መያዝ አቃተኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ሁሉ ቀድሞ አታውቂውም ነበር?»

«አውቀው ነበር። አንድን ካርድ ባንድ ጊዜ የሚከፍተው አንድ ሰው ብቻ ነው ብለውኝ ነበር።»

«ማን?»

«ኃላፊዎቹ።»

«እኛን የጠየቀን አለ?»

«የለም። እኔም አልጠየቅኳችሁም» አለች አንገቷን ደፍታ።

ከዚያ ሁሉ ሰው «እኔም» ያለችው እሷ ብቻ ናት። ጫፉ የጠቆረውን ምትክ ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። ተቀብላ አገላበጠችው፤ መልሳ የሰጠችኝ በሁለት እጇ ነው።

አሁን ካርድ ሲያዝ ኮምፒዩተሩ «ድንገተኛ ይዞታል፣ ጠብቅ» ይላል። የእኔው ቃል ነው። ሪፖርቱ ግን «ሲስተሙ ተሻሽሏል» ብሎ ያልፋል። ለምን እንደተሻሻለ አይናገርም። የእኔን ጉድለት ሲጽፍ ከነስሜ ነው፤ የሺን ግን «አንድ የታካሚ መረጃ» ብሏታል። ፋይሉ ተዘግቷል፤ ልጅቱ ያን ወረቀት ደረቷ ውስጥ ይዛ የት እንዳለች የጠየቀ የለም። ወረቀቱን አይቶ የሚያምን ሐኪም መርፌውን ይወጋታል፤ ወረቀቱ «የለም» ይለዋላ። ሁለተኛው መርፌ ከመጀመሪያው እንደሚብስ ሲስተር ነግራኛለች።

ያን ሰሞን እስቴ ድረስ አስደውለን ነበር፤ መልሱ የደረሰን ግን ዘግይቶ ነው። አክስቷ ዘንድ ጥቂት ቀን ተቀምጣ ሄዳለች። ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ስማዳ ሄድኩ። እስከ ወገዳ በመኪና፣ ከወገዳ ወዲያ ግማሽ ቀን በእግር፤ ጉልበቴ እንዴት እንዳደረሰኝ አላውቅም። እናቷን አውድማ ላይ ገብስ ስታበራይ አገኘኋት።

«የሺ ምን ሆነችብኝ?» አለች ከጤና ጣቢያ መምጣቴን ገና ስነግራት፤ መንሹን ጣለችው።

«ምንም አልሰማሁም። ያለችበትን ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት።»

«ለወንድሟ ስንቅ ላበስልለት ብላ አብራው ቆላ ወረደች ነው ያሉኝ። የሰሊጥ አጨዳ ሄዷል።» ልቧ መለስ አለ። «ቆላ ወባው ክፉ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ግን የሐኪም ወረቀት ይዛለች፤ ከደረቷ አይለይም ብላ አክስቷ ልካልኛለች። ወረቀት ከያዘች ምን ያስፈራኛል?»

መንገድ ሙሉ ያሰብኩትን ንግግር ትቼ ቀረብኳት።

«ያ ወረቀት ስሕተት አለበት፣ እህቴ። ሊገድላት የሚችለውን መርፌ አይናገርም። ስሕተቱ የወጣው ከእኔ እጅ ነው።»

እጆቼን አየቻቸው፤ ብዙ አየቻቸው። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ።

«አንቺም ወልደሻል?» አለችኝ።

«አራት።»

«እንግዲያው ፈልጊያት» ብላ መንሹን አነሳች።

የምፈልጋት እንግዲህ እንዲህ ነው። የኔታ እንዳሉት ጠፋች አልልም፤ ያለችበትን አላወቅንም። የሺ ትባላለች፤ የስማዳ ልጅ ናት፤ ወንድሟ ጌትነት ይባላል። ቀኝ ተረከዟ ላይ የማጭድ ጠባሳ አላት። ወረቀቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው የምትይዘው። የፔኒሲሊን መርፌ አይስማማትም፤ ወረቀቱ «የለም» ቢልም አትመኑት። በቆላም ሆነ በደጋ ያያት ወይም የሰማ ሰው ካለ፣ ደህና መሆኗንና ያለችበትን ይንገረኝ።